ዘር ከልጓም ይስባል?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረት ነው ብለን አንለፈው፤ በሦስት ቃል የተጠቀለለ የሰው ልጅ ተፈጥሮ ፍልስፍና ነው። ታዲያ እንዲህ ያለው ፍልስፍና እንደ ሳይንስ ሊፈተን ይችላል ወይ?

እስቲ ወላይታ እንውረድ። በዞኑ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ ዝሆኔ የሚባለውን በሽታ ያውቀዋል። እግር ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። በአንድ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ስለሚታይም ጎረቤት «የዘር ነው» ብሎ ይፈርዳል። ከዚያ ወዲያ የዚያን ቤት ልጅ፣ እሷ ጤነኛ ብትሆን እንኳ፣ የሚያጫት አይገኝም።

በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ጥፋተኛው አፈሩ ነው አለ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ሰርጎ የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳል። በሽታውንም «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት ፖዶኮኒዮሲስ አለው።

ጎረቤት ተሳሳተ ማለት ነው? ኧረ የለም! እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የወላይታ ጥናት፣ በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶ ያህሉን ለውርስ ሰጠው። በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ተዛማጅ ጂኖችን ለይተው አሳተሙ።

ፍልስፍና መንቃት ያለበት እዚህ ላይ ነው። 63 በመቶ ማለት «ዕጣህ ነው» ማለት አይደለም። ቁጥሩ ስለ አንድ ሰው አይናገርም፤ ጫማ እንደልብ በማይገኝበት ኑሮ፣ በብዙ ሰው መካከል ስላለ ልዩነት እንጂ። ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን የሚታጠብ ሰው ያንኑ ጂን ይዞ በጤና መኖር ይችላል። እዚህ ልጓሙ ዘሩን ረታው።

እንግዲህ ፍልስፍና «ሰው እንዲህ ነው» ባለ ቁጥር ከፈተና ማምለጥ የለበትም። ተረቱም ተፈተነ፤ ግማሹ ቆመ፣ ግማሹ ወደቀ። ነገር ግን ድንጋይ ስለ ራሱ የተባለውን አይሰማም፤ ሰው ይሰማል። «ዘሩ ነው» የተባለ ሰው ከገበያና ከሠርግ ይቀራል፤ አፍሮ ሕክምናውንም ይሸሻል። ስለ ተፈጥሮው የተነገረው ቃል ራሱ ኑሮውን ይለውጠዋል። ተመራማሪዎቹም የዘር ጥናቱ መገለሉን እንዳያብሰው መሥጋት ነበረባቸው። የኬሚስትሪ ሊቅ እንዲህ ያለ ሥጋት የለበትም።

ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ከዚያ ቤት ልጅ የወደደ ጎረምሳ መጥቶ «ላግባት ወይስ ልተዋት?» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ቁጥሩን ንገሩት፤ ቁጥሩ የማይለውንም ጭምር ንገሩት። እሷን በእግሯ ብቻ መመዘን ይገባል ወይ የሚለውን ግን የትኛውም ላቦራቶሪ አይመልስላችሁም። ያንን ቁጭ ብላችሁ፣ በምክንያት፣ ከእሱ ጋር መከራከር ነው።