ደጅ ጥናት ወይስ ጥየቃ?

በ2010 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዋ ተማሪ መቀበል በጀመረባት በጂንካ፣ ትምህርቱን ፈጽሞ ማስረጃውን በፌስታል ይዞ ከአንዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ወደ ሌላው የሚመላለስ ወጣት ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ወደ እኛም መጥቶ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አባ፣ ማመልከቻዬን የተቀበለውን ሰው ደጋግሜ ብጠይቀው ደጅ መጥናት አይሆንብኝም? ዝም ብልስ አይረሳኝም?»

በቀድሞው ዘመን ደጅ ጠኚ በመኳንንት አጥር ሥር ወራትና ዓመታት ይቆይ ነበር። የሚጠብቀው ሹመት ወይም ርስት ነበር፤ የሚሰጠውም በችሮታ ነበር። የዛሬው ሥራ ፈላጊ ግን የሚያቀርበው የገዛ ጉልበቱንና ዕውቀቱን ነው። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ ሥራ ስለ ሰው እንጂ ሰው ስለ ሥራ እንዳልሆነ አስተምረዋል። እንግዲህ ማመልከቻው ከምን እንደ ደረሰ በትሕትና መጠየቅ ውርደት ሊሆን አይችልም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የምናገኛቸው፣ እስከ ዐሥራ አንደኛው ሰዓት በአደባባይ የቆሙት ሠራተኞችም የሚቀጥራቸው ቢያጡ ወደ ቤታቸው አልገቡም።

አስቸጋሪው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ውሳኔ ሳይሰጥ ከቅዳሜ ገበያ ተገዝቶ ወደ መልማዩ ቤት የሚላክ ማር፣ ስሙ ስጦታ ቢባልም እጅ መንሻ ነው። (ቡና ጋብዞ ማመስገን ከተቀጠሩ በኋላም ይደርሳል።) «የአገሬ ልጅ» እያሉ መቅረብም እንዲሁ ነው፤ ዐሥራ ስድስት ነባር ብሔረሰቦች በሚቆጠሩበት በኦሞ ምድር፣ አንዱ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲገባ ሌላው ከበር ውጭ ይቀራል።

ወደ ዐረብ አገር እንልካለን ከሚሉ ደላሎች ጋር ግን ግንኙነትን ማቆየቱ ራሱ አደጋ አለው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የቪዛንና የደርሶ መልስ ጉዞን ወጪ በአሠሪው ላይ አድርጎ፣ ለሠራተኛው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያሉትን ተወ። ቤተሰብ ከብት ሸጦ የቲኬት ገንዘብ እንዲያመጣ የሚጠይቅ ደላላ ስልኩ ሊነሣለት አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው፣ ሌላ ሥራ ሲገኝ ለፊተኛው መልማይ መንገር ነው። አንድ ጊዜ እኛ ራሳችን ለትምህርት ቤት መምህር ስንመርጥ፣ አንደኛ የወጣው ወጣት በአርባ ምንጭ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሳይነግረን ቀረ። ሦስት ሳምንት ጠበቅነው። በተጠባባቂነት የያዝነውን የሐመር ልጅ ስናስፈልግ የቤት ኪራይ የሚከፍለው አጥቶ ወደ አገሩ ተመልሷል። በፊተኛው ወጣት እጅግ ተቆጥተን ነበር። ከወራት በኋላ ያን የሐመር ልጅ ዲመካ ላይ አገኘነውና የሆነውን ነገርነው። «አባ፣ ተጠባባቂ መሆኔን የሰማሁት ዛሬ ነው» አለን።