የጮኸን ፍሬን ዘይት አታጠጡ

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ አዲ አርቃይ የሚያቀና መንገደኛ ወልቀፊት ላይ ሲደርስ ምድር ከእግሩ ሥር የተቆረጠች ትመስለዋለች፤ ደጋው እዚያው ያበቃና ሊማሊሞ ይጀምራል። ጣልያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው ይህ መንገድ እየተጠማዘዘ ከደጋው ብርድ ወደ ዛሪማ ቆላ ሲወርድ ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይቀንሳል። በቅሎ ይዘው ይህን ቁልቁለት ይወርዱ የነበሩ አባቶቻችን አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ አፋፉ ላይ ቆመው ጭነቱን ያጠብቃሉ፣ ልጓሙን በጣታቸው ዳስሰው ይመረምራሉ፣ ከዚያም ብዙውን ጊዜ ከኮርቻው ወርደው በእግራቸው እየመሩ ይሄዳሉ እንጂ፣ በማያምኑት ልጓም ነፍሳቸውን ለገደል አደራ አይሰጡም ነበር።

ይህን ምክር ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ከበቅሎ ወደ ብስክሌት የተሻገረው የደባርቅና የዳባት ወጣት መንኰራኵሩን ሲቀበል ያን ሥርዓት አብሮ ሳይቀበል መቅረቱን በዓይኔ ስላየሁ ነው። «ፍሬን» የምንለው ቃል፣ «ካቴና» እንደምንለውም ሁሉ፣ ከጣልያን የመጣ ሲሆን ጥንተ ትርጕሙ ልጓም ማለት ነው፤ እንግዲህ ልጓም ሳይመረምር በቅሎ የማይቀመጥ የስሜን ሰው፣ ስሙ ተለውጦ ቢመጣ ያንኑ ልጓም ሳያየው ቁልቁለት መውረዱ ምን ይባላል?

ባለፈው በጋ በአንድ የገበያ ቀን ደባርቅ ውስጥ ሳልፍ፣ ዕድሜው አሥራ ሰባት ቢሆን ነው፣ አንድ ልጅ ብስክሌቱን በመሪውና በመቀመጫው ዘቅዝቆ አቁሞ የኋላውን ጎማ በግራ እጁ ሲያሽከረክር፣ በቀኙ ደግሞ የልብስ ስፌት መኪና የሚቀባበትን ትንሽ የዘይት ዕቃ ይዞ፣ ምራቁን እየዋጠ፣ በከፍተኛ ጥንቃቄ፣ ከፍሬኑ ዲስክ ላይ ጠብ ጠብ ሲያደርግ አየሁት። እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ እንደ ዓይን መድኃኒት ነው የሚያንጠባጥበው።

«ምን እየሠራህ ነው ልጄ?» አልሁት።

«ይጮሃል ጋሼ። ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ገበያው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ይኸው አሁን ዝም አለ።»

እውነቱን ነው፤ ዝም ብሏል። የፍሬኑን መያዣ ጨምቄ ጎማውን በእጄ ባዞረው ግን ምንም እንዳልነካው ሁሉ ዞረ።

ይህን ልጅ ለመገሠጽ አፌን ከመክፈቴ በፊት የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ቃሌን አለዘብሁ። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ የብስክሌቴን ካቴና በሚረጭ ቅባት ሳርስ ዲስኩን በጨርቅ ሳልሸፍን ቀርቼ፣ ካቴናው እንደ ሐር ሲለሰልስ ሥራዬ አስደስቶኝ ከደባርቅ ወደ ዳባት ተነሣሁ። አንድ ቁልቁለት ላይ ጠምዘዝ ስል የበግ መንጋ መንገዱን ሞልቶታል። ፍሬኑን ጨመቅሁ፤ መያዣው በእጄ ውስጥ ጠንካራ ነው፣ እንደ ወትሮው ነው፤ ብስክሌቱ ግን አልሰማኝም። ያዳነኝ ከመንገዱ ዳር አዲስ የታረሰ ማሳ ነው፤ ጓሉ ላይ ተንከባልዬ ስነሣ ባለ ማሳው እርፉን እንደያዘ ቆሞ አየኝና፣ ነገሩን ከነገርሁት በኋላ፣ «ልጓም የሌላት በቅሎ ትሻልሃለች፤ እርሷ እንኳ ገደል ታያለች» አለኝ። የምመልስለት ቃል አላገኘሁም፤ እስከ ዛሬም አላገኘሁም።

የስሕተቱ ሥር እንዲህ ነው። በአገራችን ልማድ የሚጮኽ ነገር ሁሉ ዘይት ይሻል፤ በር ቢያንቋርር፣ አልጋ ሲጢጥ ቢል፣ የስፌት መኪና ቢያጕረመርም ጠብታ ዘይት ዝም ያሰኘዋል። ዘይት በቤተ ክርስቲያናችንም ክብሩ ብዙ ነው፤ የምንቀባው ሜሮን፣ ለድውያን የሚደረገው ቀንዲል ዘይት ነው። ስለዚህ ልባችን ዘይትን ከመድኃኒት በቀር በሌላ አያስበውም። ነገር ግን ማናቸውም ፍጥረት በቦታው ሲሆን ነው መልካም የሚባለው፤ ለካቴናው ሕይወት የሆነው ያው ጠብታ አንድ ስንዝር ርቆ ዲስኩ ላይ ሲያርፍ ሞት ይሆናል። የካቴና ሥራ መንሸራተት ነው፣ የፍሬን ሥራ አለመንሸራተት ነውና።

የዲስክ ፍሬን አሠራር ለማስተዋል ከባድ አይደለም። ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት ከጎማው ጋራ ይዞራል፤ ግራና ቀኝ የቆሙ፣ የአውራ ጣት ጥፍርን ጥቂት የሚበልጡ ሁለት ሸራዎች ሲታዘዙ ይህን ብረት ይቆነጥጡታል፤ በፍትጊያውም የጕዞው ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ለመገመት፣ ከብስክሌቱ ጋራ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል፣ ደባርቅ ላይ ሦስት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። (ደባርቅ ላይ ማለቴ፣ በዚያ ከፍታ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ነው፤ ንፍሮ የሚጥዱ እናቶች ለምን እንደሚቆይባቸው ከዚህ ይታወቃል።) ከዚህ ኃይል ከፊሉን ነፋስ ይወስደዋል፤ የቀረውን የሚሸከሙት እነዚያ ጥቃቅን ሸራዎች ናቸው።

ሸራው ደግሞ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በሙጫ የተጋገረ የተለያየ ቃጫና ዱቄት ሲሆን፣ ሁለተኛው በእሳት የተጣበቀ የብረት ብናኝ ነው። በተለይ የመጀመሪያው በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስለ መላበት፣ የነካውን ዘይት እንደ ደረቅ እንጀራ ይመጠዋል። ከዚያም ሙቀቱ ዘይቱን እዚያው ይቀቅለውና ፊቱን እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ቅርፊት ያለብሰዋል። ይህን ጊዜ ነው ፍሬን የሚጮኸው፤ ጩኸቱም «ተበክያለሁ» የሚል ኑዛዜ ነው። ልጁ የሠራው ሥራ የተናዛዡን አፍ በእጁ መክደን ነበር።

ጩኸት ሁሉ ግን ከዘይት አይደለም። በክረምት ጉም ወርዶ ደባርቅን ሲያለብሳት፣ ዲስክ የሚረጥብበትና የሚጮኽበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥቂት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ይደርቅና ይተዋል፤ ደግሞም እየጮኸም ቢሆን ይይዛል። እየጮኸ የማይዝ፣ ወይም ዝም ብሎ የማይዝ ሲሆን ነው መጠርጠር የሚገባው።

ዘይቱ ከወዴት ይመጣል ቢባል፣ ከሁሉ አስቀድሞ ከእጃችን ነው። ፍርፍር በልቶ፣ ጠጕሩን ቅቤ ተቀብቶ፣ ወይም ግራሶ ሲነካካ ውሎ ዲስኩን በጣቱ የሚዳስስ ሰው፣ ሸራውን በጠብታ የመረዘ ያህል ነው፤ ስለዚህ ዲስክ በእጅ አይነካም፣ ቢነካም በታጠበ እጅ ነው። ሁለተኛው የሚረጭ ቅባት ነው፤ የእኔ ኃጢአት ይህ ነበር። የካቴና ዘይት ሲያስፈልግ በጠብታ እንጂ በመርጨት አይደረግ፣ ትርፉም በጨርቅ ይጠረግ። ከኋላ መጫኛው ላይ የነጭ ጋዝ ወይም የዘይት ጀሪካን አስሮ የሚሄድ ሰው ደግሞ ክዳኑ ቢያፈስ ጠብታው በቀጥታ ወዴት እንደሚወርድ አስቀድሞ ያስብ። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የፍሬኑ የራሱ ፈሳሽ ከውስጥ ሲያልብ ነው፤ ያን ጊዜ ማልቢያው ሳይታወቅ ሸራ መለወጥ በሚያፈስ ጣራ ሥር ምንጣፍ እንደ መለወጥ ነው። ይህም ፈሳሽ ሁለት ወገን ስላለው፣ ፍሬኑ የተሠራበትን ዐይነት ትቶ ሌላውን የሚሞላ፣ ይልቁንም የምግብ ዘይት የሚሞላ፣ ውስጡ ያለውን ጎማ አሳብጦ ፍሬኑን ፈጽሞ ይገድለዋል።

አሁን ወደ ማንጻቱ ልምጣ። ጎማው ይውጣ፣ ሸራዎቹም ይውጡ፣ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ንጹሕ አልኮል ሌላ ነገር ነክቶት በማያውቅ ጨርቅ ላይ ይደረግና፣ ዲስኩ በሁለቱም ፊት፣ ጨርቁ ጥቁር ማንሣቱን እስኪተው ድረስ ይጠረግ፤ ያረጀ ነጠላ ለዚህ አይሆንም፣ ያረጀ ነጠላ ስንት ቅቤ እንደ ጠገበ ባለቤቱ ያውቃል። ለእጅ ማጽጃ የሚሸጠው ዝልግልግ ፈሳሽም አይሆንም፣ ቆዳ የሚያለሰልስ ቅባት አለበትና። አረቄን የመከረኝ አንድ ሰው ነበር፤ ግማሹን የሚያህለው ውኃ ነው፣ የቀረውን ደግሞ ሠሪው ሳይጠጣው ዲስኩ ዘንድ መድረሱን እጠራጠራለሁ። ቤንዚንና ነጭ ጋዝም፣ ምንም በእጅ የሚገኙ ቢሆኑ፣ ሲተኑ ቅባት ጥለው ስለሚሄዱ፣ እሳትም ስለሚጠሩ፣ ይቅሩ።

ሸራው ከላይ ብቻ የተነካ እንደ ሆነ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግቶ ፊቱን በቀስታ ማሸት ነው፤ የሚያብለጨልጨው ጠፍቶ እንደ ድፍን ጥቍር ሰሌዳ ሲደበዝዝ ይበቃል። ብናኙን ማንም አይተንፍሰው። ካሹት በኋላም ቢሆን ብስክሌቱን ይዞ ወደ ቁልቁለት መሮጥ አይገባም፤ በሜዳ ላይ፣ ሰውና ከብት በሌለበት፣ በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዱ ጎማው ቀጥ ሳይል ፍሬኑን ቀስ አድርጎ መያዝና መልቀቅ፣ ለየፍሬኑ ሃያ ጊዜ ያህል፣ ሸራውና ዲስኩ እስኪተዋወቁ ድረስ መደጋገም ይገባል። አዲስ ሸራም ቢሆን ይህን ይሻል። ብዙ ሰው ሸራ ለውጦ «አዲሱም አይዝም» የሚለው ይህን ትዕግሥት ስላላደረገ ነው።

ዘይት እስከ ውስጡ የጠጣ ሸራ ግን ንስሐ የለውም፤ መጣል ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ቁጠባ የሚባለው መልካም ነገር እዚህ ላይ ወደ ክፉ ይለወጣልና። ሸራውን ከቡና ከሰል ላይ አድርገው «ዘይቱን የሚያስተፉ» ሰዎች አይቻለሁ። ዘይቱ ሲጤስ ሙጫውም አብሮ ይቃጠላል፣ ሸራውን ከብረት ጀርባው ጋራ ያያዘውም ማጣበቂያ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን የሚይዝ ፍሬን ይገኛል፣ በአራተኛው ቀን ሸራው ከብረቱ ተለይቶ ይወድቃል፤ አራተኛው ቀን ደግሞ ሜዳ ላይ ይሁን ሊማሊሞ ላይ ማን ያውቃል? ጢሱም ለቡናው ጠጪዎች የሚበጅ ነገር የለውም።

በዚህ ዕውቀት ማነስ ማንም አይፈር። የዲስክ ፍሬን ለሊቆቹም ቢሆን አዲስ ነገር ነው፤ የዓለም ብስክሌት ማኅበር ለጎዳና ውድድር በይፋ የፈቀደው በ2010 ዓ.ም. ነው። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለኢትዮጵያ በኦሎምፒክ የተወዳደሩት እነ ገረመው ደንቦባ ይህን ፍሬን አያውቁትም ነበር። የሚያሳፍረው ካወቁ በኋላ መደበቅ ነው። ፍሬኑ ዘይት መጠጣቱን እያወቀ ለጎረቤቱ ልጅ ብስክሌቱን የሚያውስ፣ ጩኸቱን ለአንድ ቀን ዝም አሰኝቶ በገበያ የሚሸጥ፣ ግራሶ በነካው እጁ ሸራ ገጥሞ ዋጋ የሚቀበል ሠሪ፣ ፖሊስ ባያገኘውም ሕሊናው ዘንድ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል። ለመሸጥም ለማዋስም የመጣ ብስክሌት ቢኖር፣ ባለቤቱ «ፍሬኑ እንዲህ ሆኗል» ብሎ አስቀድሞ ይናገር። ሁለት ሰው ጭኖ መውረድ በተለመደበት አገር፣ ከኋላ የሚቀመጠው ታናሽ ወንድም ፍሬኑን የመመርመር ዕድል የለውም፤ የሚያምነው የወንድሙን ጀርባ ብቻ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ብስክሌቱን አብረን ፈታን፤ የኋላው ሸራ ወጥቶ በመዳፉ ላይ ሲያርፍ በመስመሩ ውስጥ ዘይት ቋጥሮ ነበር፤ በጣቱ ሲጫነው ከዳር ብቅ አለ። አየው፣ አሸተተው፣ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። የከተማው ሱቅ ይህ ዐይነት ሸራ ስለሌለው፣ ለናሙና ይሆን ዘንድ ሸራዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ተመሳሳዩን ገዝቶ እንዲያመጣለት ለጎንደር ሚኒባስ ረዳት ሰጠው፤ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ቢፈጥን በማግሥቱ ይመጣል።

«እስኪመጣስ ድረስ ጋሼ?» አለኝ። ቤቱ በወልቀፊት አቅጣጫ ነው።

«እስኪመጣ እግር አለህ» አልሁት።

ገበያው ዞሮ እያየው፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ እየገፋ ሄደ።