ምጽዋት ወይስ ዕዳ?

ልጅ የማን ነው? ብለን ብንጠይቅ «የወለደው» የሚለን ይበዛል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚቋጭ አይመስለንም።

እ.ኤ.አ. በ1973 የብሪታንያ መንግሥት በ3 ሚሊዮን ፓውንድ «የቤተሰብ ፈንድ» የተባለውን አቋቋመ። መነሻው በ1961 ከገበያ የወጣው ታሊዶማይድ ነው፤ እርጉዞች ወስደውት ብዙ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ። ፈንዱ ግን በእነሱ አልተወሰነም፤ ከባድ ጉዳት ይዘው የተወለዱትን ሌሎች ልጆችም ያዘ፤ በ1974 ደግሞ ጉዳቱ ኋላ የደረሰባቸውን ጨመረ። ለቤተሰቡም የልብስ ማጠቢያ መኪና፣ አንሶላ፣ የመጓጓዣ ገንዘብ ሰጠ።

ታዲያ ይህ ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? ጤነኛው ልጅ አድጎ ሐኪም ወይም ገበሬ ሲሆን «የአገር ልጅ» እንለዋለን፤ ያን ጊዜ «የናቱ ብቻ ነው» የሚል አንድም የለም። ያልቻለውን ግን ለናቱ እንመልሳለን። ጥቅሙ የጋራ፣ ሸክሙ የናት፤ ይህ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? ሁለቱም የአገር ልጆች ከሆኑ ገንዘቡ ዕዳ ነው። ምጽዋት ሰጪው ሲከፋው ይቀራል፤ ዕዳ ግን ቢከፋንም ይከፈላል፤ እናትም ደጅ አትጠናም።

ሌሊቱን አንሶላ ስታጥብ የምታነጋ እናት ድርሻችንን ትጠብቃለች። «አይዞሽ» ብቻውን አንሶላ አያጥብም።