ስለ ሠርግ ጥሪና ስለ ልብስ

ሰው ወዳጁን ወደ ደስታው ሲጠራ ሁለት ነገር ያደርጋል። በአንድ ወገን ቤቱን ይከፍትለታል፤ በሌላ ወገን ደግሞ እንዴት ሆኖ እንዲመጣለት እንደሚወድ ይነግረዋል። ሁለቱ የተስማሙ እንደ ሆነ ጥሪው ክብር ነው፤ የተጣሉ እንደ ሆነ ግን ጥሪው ራሱ መከልከያ ይሆናል። ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ተምሬው አይደለም፤ በራሴ ጥፋት ያገኘሁት ነው እንጂ።

በዲላና በዙሪያዋ የሠርግ ወር ጥር ነው። ቡናው ተለቅሞ ዋጋው እጅ ገብቷል፤ ጥምቀት አልፏል፤ ዐቢይ ጾምም ገና አልደረሰም። በየማተሚያ ቤቱ የጥሪ ወረቀት ይታተማል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህም ከቦታውና ከሰዓቱ በታች ስለ ልብስ አንድ መስመር መጨመር ተለምዷል። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን ስድር በወረቀቱ ግርጌ «ነጭ የአገር ልብስ ብቻ» ብዬ አጻፍሁ። ጸሎቱ በጧት በቤተ ክርስቲያን፥ ግብዣውም በቀትር ስለ ነበረ ያማረ ቃል መስሎኝ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የቡሌ ገበሬ ነው። ቡሌ ደጋ ስለ ሆነ በጥር ንጋት ከቤቱ የሚወጣ ሰው ወፍራም ልብስ ሳይደርብ አይወጣም። እኔን ደክሞ ያስተማረኝ እርሱ ነው። በሠርጉ ቀን ግን «አመመኝ» ብሎ ላከብኝና ቀረ። በኋላ ከባለቤቱ እንደ ሰማሁት ሕመም አልነበረበትም። ልጁ ወረቀቱን ባነበበለት ጊዜ «ብቻ» የምትለውን ቃል ሰምቶ፥ ያለውን አንድ ጥቁር ኮት ተመልክቶ ዝም አለ። ጎረቤቱ ነጭ ልብስ ሊያውሰው ቢወድም «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብሎ እንቢ አለ።

አንባቢ ሆይ፥ «እንግዲያስ ስለ ልብስ አንዳች አለመጻፍ ይሻላል» ትለኝ ይሆናል። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ አስቤ ነበር። ነገር ግን ዝምታም ያሳፍራል። በአባቶቻችን ዘመን መጻፍ አላስፈለገም፤ በቤተ ክርስቲያን ነጠላ እንዴት እንደሚጣፋ፥ በኀዘን ጥለቱ ወዴት እንደሚዞር፥ በጌታ ፊት እንዴት እንደሚደገደግ ሁሉም ያውቀው ነበርና። ዛሬ ግን በአንድ የዲላ ሠርግ ጌዴኦው፥ ጉጂው፥ አማራውና ጉራጌው፥ ገበሬውና ነጋዴው፥ የዩኒቨርሲቲውም መምህር አብረው ይቀመጣሉ፤ የአንዱን ልማድ ሌላው አያውቀውም። በእንግሊዝ አገር እንኳ የቀን ሠርግ ልብስና የማታ ግብዣ ልብስ እየራሳቸው ስም አላቸው፤ ስሙን ያላወቀ እንግዳ ተሳስቶ ለብሶ ያፍራል። ስለዚህ መንገር ያስፈልጋል፤ ጥያቄው በምን ልብ እንንገር የሚለው ነው።

«በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ንጉሡ የሠርግ ልብስ ያልለበሰውን አስወጥቶት የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እነዚያ እንግዶች ከመንገድ የተሰበሰቡ ነበሩ። ከመንገድ የተጠራ ሰው የሠርግ ልብስ ከወዴት ያመጣል? ስለዚህ ልብሱን ንጉሡ ራሱ አዘጋጅቶ ነበር የሚሉ ተርጓሚዎች አሉ፤ አውግስጢኖስም ልብሱ ፍቅር ነው ብሎ ተርጉሞታል። በሁለቱም መንገድ ብንሄድ የምንደርሰው ከአንድ ስፍራ ነው፤ ልብስ የሚጠይቅ አስቀድሞ ሊሰጥ ይገባዋል።

እንግዲህ በጥሪ ወረቀት ላይ «ብቻ» እና «ክልክል ነው» የሚሉት ቃላት ቢቀሩ መልካም ነው። በእነርሱ ፈንታ ምክንያቱ ይነገር፦ «ጸሎቱ በቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ነጠላ ቢለብሱ ደስ ይለናል፤ ባይመችዎም ያለዎትን ንጹሕ ልብስ ለብሰው ቢመጡልን ደስታችን ሙሉ ነው» ቢባል ባለጠጋውም ድኻውም ያለ እፍረት ያነበዋል። ግብዣው በቀትር በደጅ የሚደረግ እንደ ሆነም ይጻፍ፤ ከደጋ በብርድ የተነሣ ሰው የዲላን ፀሐይ አስቦ ይለብሳልና። ጥሪውም ቀደም ብሎ ይድረስ፤ አለዚያ «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሆንብናል። ለቅርብ ዘመድ ግን ወረቀት ብቻውን አይበቃም። በእግር ሄዶ መጥራት፥ ነጭ እንዲለብስም የሚወድ ሰው ነጩን በብብቱ ይዞ መሄድ ይገባዋል።

ከሠርጉ በኋላ ወደ ቡሌ ወጥቼ ወንድሜን ይቅርታ ጠየቅሁት። ያንኑ ጥቁር ኮት ለብሶ እስከ ደጅ ወጥቶ ተቀበለኝ። እኔ ምን ለብሼ እንደ መጣሁ አላየም።