ወፍጮውና አትሮንሱ፦ አቋሙ ወጥ ስላልሆነ ተጫዋች

በእግር ኳስ ሰዎች ዘንድ «ወጥ አቋም የለውም» የሚባለው ተጫዋች ችሎታ የሌለው ሰው አይደለም። ችሎታ የሌለውማ ብዙ አያነጋግርም፤ በጊዜ ይሰናበታል። አነጋጋሪው፣ አንድ እሑድ በክንፍ በኩል ሁለት ሦስት ተከላካይ አልፎ ኳሷን ለአጥቂው እንደ ጉርሻ የሚያቀብል፣ በሳምንቱ ደግሞ ማንም ሳይጫነው እግሩ ሥር የደረሰችውን ኳስ ወደ ውጭ የሚሰድድ ተጫዋች ነው። ይህን ሰው ቡድኑ ታግሦ ማሳደግ አለበት ወይስ ቦታውን ለሌላ መስጠት ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲታይ የአሰልጣኝና የገንዘብ ያዥ ጉዳይ ይመስላል። ውስጡ ግን ሁለት የቆዩ የፍልስፍናና የሃይማኖት ጥያቄዎች አሉበት፤ አንደኛው ከሁለቱ ቀኖች የሰውየውን እውነተኛ ማንነት የሚናገረው የትኛው ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ገና ላልታየ ፍሬ ማን፣ እስከ መቼና በማን ኪሳራ ይጠብቅ የሚል ነው። ለሁለተኛውና ለከባዱ ጥያቄ ከሜዳ ሳይሆን ከገዳም የተገኘ መልስ በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላም ዋና ከተማው በሆነችለት በቦረና ምድር፣ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት በኖረ አንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል የሰጠው መለያ ዛሬም ያገለግላል። ፈላስፋው ዐቅምን ከጸና ልማድ ይለያል። ዐቅም ማለት አንድ ሰው አንድን ነገር ማድረግ መቻሉ ብቻ ነው፤ የጸና ልማድ ማለት ግን በመደጋገም በሰውየው ውስጥ ሥር የሰደደ፣ ደስ ሲለውም ሲከፋውም፣ ሲታይም ሳይታይም የማይለወጥ ዝንባሌ ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን የተጫዋቹ መልካም ቀንም ክፉ ቀንም ሁለቱም እውነት ናቸው፤ መልካሙ ቀን ዐቅሙ መኖሩን፣ ክፉው ቀን ደግሞ ልማዱ ገና አለመጽናቱን ይመሰክራሉ። ስለዚህ «እውነተኛው እርሱ የእሑዱ ነው» የሚለው ደጋፊም፣ «የእሑዱ አጋጣሚ ነበር» የሚለው ነቃፊም እኩል ይሳሳታሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ ያው ፈላስፋ ግንበኛ የሚኮነው በመገንባት፣ ባለ በገና የሚኮነውም በገና በመደርደር እንደ ሆነ ስለሚያስተምር፣ ልማዱ ያልጸናለት ሰው ልማዱን የሚያገኘው በመሥራት ብቻ ሲሆን፣ ሳይጸናለት ከሠራ ደግሞ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍሉት አብረውት ያሉት ናቸው።

የቅኔ ቤት መምህራን ይህን ችግር ከማንም አስቀድመው ያውቁታል። ጉባኤ ቃና የሚባለው ሁለት ቤት ብቻ ያለው የመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ነው፤ ተማሪው ሌሊቱን ሲያወጣ ሲያወርድ አድሮ ለመምህሩ ያሰማል። ትናንት ሰሙና ወርቁ የተዋደደለት፣ ጓደኞቹን ያስደነቀ ተማሪ፣ ዛሬ ቤቱ ሳይመታለት፣ ምሥጢሩ ሳይቋጠርለት በየኔታ ፊት አፉ ሊያያዝ ይችላል። የኔታ በትናንቱ ተደንቀው ከፍ ወዳለው የቅኔ ዓይነት ወደ መወድስ አያሻግሩትም፤ በዛሬው አዝነውም ከጉባኤው አያስወጡትም። ባለበት ያቆዩታል። ማቆየት ስንፍና የሚመስለው የትምህርት ቤቱን አሠራር ለማያውቅ ሰው ነው፤ ለሚያውቀው ግን መምህሩ ሁለቱንም ቀኖች አምኖ የሰጠው ፍርድ ነው።

ከላይ የተጠቀሰው የቦረናው ሰው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ፣ አባ ጊዮርጊስ ዘሰግላም ይባላል፣ ከአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1425 ገደማ ያረፈ፣ በአፄ ዳዊትና በተከታዮቻቸው ዘመን የኖረ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነው። ሰዓታቱ፣ አርጋኖኑና እ.ኤ.አ. በ1424 የተፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ አላቸው፤ መጽሐፈ ምሥጢር መናፍቃን የሚባሉትን እያነሣ በየተራ የሚመልስ ሰፊ የነገረ ሃይማኖት መጽሐፍ ነው። ገድሉ እንደሚተርከው ግን ይህ ሰው በልጅነቱ ትምህርት የማይገባው ነበር። አባቱ ሕዝበ ጽዮን፣ ራሱ የተማረ የቤተ መንግሥት ካህን፣ ልጁን ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወስዶ ቢያስገባውም ሰባት ዓመት ሙሉ ምንም ሳይዝ ቀረ፤ መምህሩም ተስፋ ቆርጦ ለአባቱ መለሰው። አባቱ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም፣ ትምህርቱ ባይሆንለት ገዳሙን ያገልግል ብሎ መልሶ ሰደደው። ጊዮርጊስም የመነኮሳቱን እህል እየፈጨ ኖረ፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊትም እያለቀሰ ይጸልይ ነበርና፣ ገድሉ እንደሚለው፣ ጽዋዐ ልቡና፣ ማለትም የማስተዋል ጽዋ፣ ተሰጠው፤ ልቡናውም ተከፈተ።

አማኝ ይህን ታሪክ የተአምር ታሪክ አድርጎ ያነብበዋል፤ ማንበቡም ትክክል ነው። ለዚህ ጥያቄ ግን ከተአምሩ በፊት ያለው ክፍል ይበልጥ ያስተምራል። ገዳሙ ልጁን በመጨረሻ ሲቀበለው ምን ሰጠው፣ ምንስ ከለከለው? ቤቱን ሰጠው፤ አትሮንሱን አልሰጠውም። ዜማው በሚባልበት ሰዓት ከመሪዎቹ መካከል አቁሞት ማኅሌቱን እንዲያበላሽ አልፈቀደለትም፤ ከግቢውም አላስወጣውም። ወፍጮ ላይ አስቀመጠው። ወፍጮው ለማኅበሩ የሚጠቅም እውነተኛ ሥራ ነበር፤ ልጁ በየቀኑ ዜማውን እየሰማ፣ ሥዕሉን እያየ፣ የሊቃውንቱን ክርክር በጆሮው እያስገባ ስለሚሠራውም የትምህርት ቤቱ ደጅ እንደ ተከፈተ ቆየ። በመታገሥና በመሾም መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ ስለሚዋዥቅ ተሰጥዖ የሚደረገው ክርክር አብዛኛው የሚሳከረውም ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው። አንዱ ወገን ትዕግሥት ይገባዋል ሲል በየጨዋታው ይሰለፍ ማለቱ ይሆናል፤ ሌላው አይሰለፍ ሲል ይሰናበት ማለቱ ይሆናል። ሐይቅ ከሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ መንገድ ነበረው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ገድል የሚጻፈው በመጨረሻ ለበራለት ሰው ነው፤ ወፍጮ ላይ አርጅቶ ምንም ሳይከፈትለት ለሞተው ገድል አይጻፍለትም። የቅዱስ ያሬድም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ከጌዴዎን ሸሽቶ ሲሄድ፣ ዛፍ ለመውጣት እየወደቀ እየተነሣ የሚታገል ትል አይቶ መመለሱን ሁሉም ያውቃል፤ ሸሽተው ሳይመለሱ የቀሩትን ተማሪዎች ግን የሚያስታውስ የለም። የውጭው ዓለም ምሳሌም ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። በአሜሪካ እግር ኳስ ውስጥ በሜዳው ጠርዝ እየሮጠ ከሩቅ የሚወረወርለትን ኳስ በእጁ የሚቀልበው ተጫዋች ዋይድ ሪሲቨር ይባላል። ግሪን ቤይ ፓከርስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 የመለመለው ዳቫንቴ አዳምስ በሁለተኛ ዓመቱ በ2015 ብዙ ኳስ ከእጁ እያመለጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡድኑ ስላቆየው በ2016 ዐሥራ ሁለት ጊዜ፣ በ2020 ደግሞ ዐሥራ ስምንት ጊዜ አስቆጠረ። ትዕግሥትን የሚደግፍ ሁሉ ይህን ስም ይጠራል። ነገር ግን በ2015 ማንም ይህን አላወቀም፤ በሌሎች ቡድኖች እንደዚሁ ተጠብቀው ምንም ያልሆኑት በርካቶች ናቸውና፣ አንድ የተሳካ ታሪክ ትዕግሥት ሁልጊዜ ፍሬ እንደሚያፈራ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የትዕግሥት መሠረቱ የሚጠበቀው ፍሬ ብቻ ከሆነ፣ ፍሬው ሲቀር ትዕግሥቱ ሞኝነት ነበር ማለት ነው።

የሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ የሚያቀርበው የበለስ ምሳሌ ለዚህ ተቃውሞ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ በችኮላ ይነበባል። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ያላገኘባትን በለስ ቁረጣት ሲል ያቀረበው ክስ መካንነቷ ብቻ አይደለም፤ መሬቱን ያለ ጥቅም ይዛለች ይላል። ይህ የፍትሕ ክስ ነው። አንዲት ዛፍ የያዘችው መሬት ሌላ ዛፍ የተነፈገው መሬት ነው፤ በሜዳ ላይም የተሰላፊዎች ቁጥር ዐሥራ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ለሚዋዥቀው ክንፍ የተሰጠ እያንዳንዱ ዘጠና ደቂቃ ከተቀያሪ ወንበር ላይ ካለ ሌላ ወጣት የተወሰደ ነው። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ክለቦች በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ መሆናቸው ሲታሰብ ደግሞ ክሱ ይከብዳል፤ የሚጠበቀው በሕዝብ ገንዘብ ነውና። የአትክልተኛው መልስ ይህን ክስ አይክድም። አንድ ዓመት ብቻ ይለምናል፤ በዚያ ዓመትም ዙሪያዋን እንደሚቆፍርና ፍግ እንደሚያደርግ ቃል ይገባል፤ ካላፈራች መቆረጧንም ይቀበላል። ቁም ነገሩ ሥራው የአትክልተኛው መሆኑ ነው። እጁን አጣጥፎ ለሚጠብቅ ሰው ምሳሌው ምንም መብት አይሰጥም፤ ሦስት ዓመት ያልቆፈረ አትክልተኛ በለሷን ሊወቅስ አይችልም። ክፉ ቀኑ ከምን እንደሚመጣ፣ ከሥጋት ይሁን ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከጉዳት ይሁን ከቤት ችግር፣ ጠይቆ የማያውቅ አሰልጣኝም «ታግሠነው ነበር» ማለት አይገባውም። ዝም ብሎ ማሰለፍ መታገሥ አይደለም።

የቦረናና የአካባቢው ደገኛ ገበሬ ይህን ሁሉ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። የበልግ ዝናብ በእነዚህ ደጋዎች ላይ የታመነ አይደለም፤ አንድ ዓመት ገብሱን ያሳምራል፣ ሌላ ዓመት አበቅሎ ያደርቃል። ገበሬው በልግን አይተወውም፤ ያለውን ዘር ሁሉ ግን ለበልግ አይበትንም፣ ለመኸር ያስቀራል። ወይፈንም ሲያቀና ገና ያልለመደውን ከሌላ ካልለመደ ጋር አይጠምደውም፤ እርሻ ከለመደ በሬ ጋር ያጣምደዋል፣ ያውም አስቀድሞ ለስላሳ መሬት ላይ። ሙሉ ተስፋን በአንድ ባልታመነ ነገር ላይ አለመጣል ያንን ነገር መጣል እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ አስረጂ አይገኝም።

ትዕግሥት መጨረሻው የት ነው ለሚለው ደግሞ በዚያው ምድር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ የወሎ ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ከሼሁ የሚሰማው ታሪክ አለ። በቁርኣን አል-ከህፍ በተባለው 18ኛው ምዕራፍ ሙሳ ከአምላክ ልዩ ዕውቀት የተሰጠውን የአላህ ባሪያ፣ ተፍሲር የሚባለው የማብራሪያ ትምህርት ኸድር የሚለውን፣ ተከትሎ ሊማር ይለምናል። መምህሩ መታገሥ እንደማይችል አስቀድሞ ይነግረዋል፤ እስኪያስረዳው ድረስም እንዳይጠይቀው ቃል ያስገባዋል። ሙሳ ሁለት ጊዜ ቃሉን ይረሳል፤ ከሁለተኛው በኋላ ደግሜ ከጠየቅሁህ አትወዳጀኝ ብሎ ወሰኑን ራሱ ያስቀምጣል፤ በሦስተኛው ይለያያሉ። ነቢይን የሚያህል ሰው እንኳ በአንድ የትምህርት ዓይነት ሳይዘልቅ መቅረቱ፣ ከአንድ ጉባኤ መሰናበት የሰውየውን ዋጋ እንደማያጎድል ያሳያል። ከዚህ የሚበልጠው ግን የመለያየቱ ሁኔታ ነው። መምህሩ ሙሳን ዝም ብሎ አልሸኘውም፤ ጀልባዋን ለምን እንዳበላሸ፣ ልጁን ለምን እንደ ገደለ፣ ግድግዳውን ለምን እንዳቆመ አንድ በአንድ ፍቺውን ነግሮ ነው የተለየው። የመጨረሻው ትምህርት የተሰጠው በስንብቱ ሰዓት ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ እንደሚከተለው ነው። ቡድን አቋሙ ወጥ ያልሆነውን ወጣት ዐቅሙ አንድ ጊዜ እንኳ በግልጽ ከታየ በቤቱ ሊያቆየው ይገባል፤ የሚያቆየውም ነገ ያገለግላል ብሎ ብቻ ሳይሆን፣ ልማድ ያለ ጊዜና ያለ መምህር እንደማይጸና ስለሚያውቅና ልጁን ከወላጆቹ ሲቀበል ይህን አውቆ ስለተቀበለ ነው። የጨዋታው ቦታ ግን የትዕግሥት ስጦታ አይደለም፤ በልምምድ ሜዳ ከተቀያሪዎቹ ጋር እኩል ተመዝኖ የሚገኝ ነው፤ እስከዚያው በተስፋ ቡድኑ ውስጥ ወይም በመጨረሻዎቹ ሃያ ደቂቃዎች የሚጠቅምበት እውነተኛ ሥራ ይሰጠዋል። ጊዜው ይቈረጣል፤ ልጁም ቀኑን ከመጀመሪያው ያውቀዋል፤ አሰልጣኙም በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እንደ ቆፈረ ይጠየቃል። ጊዜው አልቆ መለያየት ግድ ከሆነም፣ የክለብ ኃላፊዎች የስንብት ደብዳቤውን በጸሐፊ እጅ ከመላክ ይልቅ ተጫዋቹን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ ያዩትን መልካሙንም ክፉውንም ቀን አንድ በአንድ ፍቺውን ይንገሩት።