ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማዶ፤ የመካሪው ኅሊና

መምህር ተማሪውን ስለ ነገ መንገዱ በሚመክርበት ጊዜ ከሚያውቀው እውነት ምን ያህሉን ሊነግረው ይገባል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የትምህርት አስተዳደር ጉዳይ ይመስላል፤ ከሥሩ ሲፈተሽ ግን የኅሊና ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። የምክር ተግባር ተስፋን መስጠት ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትን ማስጨበጥ ነው የሚሉም አይታጡም። በኢትዮጵያ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚገናኙት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደጃፍ ላይ ነው።

በ2014 የትምህርት ዘመን ለዚህ ፈተና ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ከመቶ 3.2፣ በ2016 ከመቶ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነ። ቁጥሩን ወደ አንድ ክፍል አምጥቶ ማየት ይበጃል፤ ስልሳ ተማሪዎች በተቀመጡበት ክፍል የ2014ቱ ስሌት የሚያሳልፈው ሁለት ልጆችን ነው። ይህም በአማካይ እንጂ፣ በእነዚህ ዓመታት አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ከወደቁት ለከፊሎቹ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከፍቶላቸዋል፤ ለሁሉም የሚበቃ በር ግን አይደለም።

ይህ ሁሉ እየታወቀ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ "ሐኪም እሆናለሁ" ስትል፣ መምህሩም ወላጁም "እደጊ፣ ተመንደጊ!" ብለው መርቀው ያልፋሉ። ምርቃቱ ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ የልጅን ልብ ላለመስበር የሚደረግ ርኅራኄ ነው። ይሁን እንጂ የዚህን ርኅራኄ ዕዳ የምትከፍለው ልጅቱ ናት። ፈተናው በወደቀች ማግስት መራቂዎቿ አጠገቧ አይኖሩም፤ ቢኖሩም የሚሉት ነገር አስቀድመው አላዘጋጁም።

እንግዲያውስ እውነቱ ይነገራት ማለት ቀላል ይመስላል። የአገሪቱ ታሪክ ግን ጥንቃቄን ያስተምራል። በ1964 ዓ.ም. የተዘጋጀው፣ "ሴክተር ሪቪው" በመባል የሚታወቀው የትምህርት ጥናት አብዛኛው ሕፃን የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲያገኝ፣ ወደ ላይኛው ደረጃ የሚያልፈውም ቁጥር እንዲገደብ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ስሌቱ ፈጽሞ መሠረት የለሽ አልነበረም፤ የመንግሥት አቅም ውሱን ነበር፣ ሥራ ያጣውም የተማረ ወጣት እየበዛ ሄዶ ነበር። መምህራንና ወላጆች ግን የድሃውን ልጅ ከታች ለማስቀረት የታቀደ ነው ሲሉ አጥብቀው ተቃወሙት። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ባቆሙ ጊዜ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ።

ተቃዋሚዎቹ የጠየቁት ቁጥሩ ልክ መሆን አለመሆኑን አልነበረም። ከታች የሚቀረው የማን ልጅ ነው? ብለው ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬም በእያንዳንዱ መካሪ ፊት ይቆማል። የሌላውን ልጅ "ብየዳ ተማር፣ የእጅ ሙያ አያስርብም" ብሎ የሚመክር ሰው፣ የራሱን ልጅ በተበዳሪ ገንዘብ የግል ኮሌጅ የሚያስገባ ከሆነ፣ የተናገረው ቃል እውነት ቢሆንም ምክሩ ምክር አይባልም።

የእጅ ሙያ ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ በአእምሮና በጉልበት ሥራ መካከል የቆመው ግድግዳ ዕድሜው ረዥም ነው። ብረት ቀጥቃጩ ቡዳ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን በአዋጅ አልጠፋም፣ መልኩን ለወጠ እንጂ። ዛሬ ጨዋ ሆኖ "ካልሆነልህ ቴክኒክና ሙያ ትገባለህ" ይባላል። በዚህች "ካልሆነልህ" በምትል አንዲት ቃል ውስጥ የድሮው ንቀት ሳይጎድል ተቀምጧል። "የተማረ ይግደለኝ" በሚባልበት አገር፣ የተማረ ሲባል መጥረቢያና መሮ የያዘው ሰው በማንም አእምሮ አይመጣም። ኪነ ጥበቡም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ በመድረክ ላይ አናጢው ስንት ጊዜ ለማሳቅ፣ ስንት ጊዜስ ለማሰብ እንደወጣ የተውኔት ጸሐፊዎች ቢቆጥሩ መልካም ነበር።

ጊዜውም ራሱ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። ተማሪው ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲሻገር ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይመርጣል፤ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ጓደኛው የመረጠውን ነው። እውነቱ በዘጠነኛ ክፍል ሲነገር ምክር ነው፤ ልጁ ለማንበብም፣ ሌላ ሙያ ለመቅመስም፣ የሐኪምነቱን ምኞት ይዞ በብርቱ ለመዘጋጀትም ሦስት ዓመት አለው። ያው እውነት በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ግንቦት ላይ ሲነገር ፍርድ ይሆናል። ይግባኝ የሌለውን ፍርድ መናገር ደግሞ ድፍረት ተብሎ ሊመሰገን አይገባም።

በየትምህርት ቤቱ በዓል ሲከበር ከቀድሞ ተማሪዎች መካከል ተመርጠው ለታናናሾቻቸው ንግግር የሚያደርጉት ጥቁር ካባ የለበሱት ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ፈተናውን የወደቀችውና አሁን ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ በእንጨት ሥራ የምትተዳደረው ወጣት፣ የበዓሉን ድምፅ ማጉያ ከመላጊያዋ አጠገብ ሆና ትሰማለች፤ የጥሪ ወረቀት ግን አልደረሳትም።