የቀደር ነው ወይስ የሻጩ?

ከከዚራ ደቻቱን ተሻግሮ ወደ መጋላ የሚጋልብ ሰው የብስክሌቱ ፍሬም ተሰብሮ ቢወድቅ፣ የድሬዳዋ ሰው ከቦ «ቀደር ነው፣ አልሐምዱሊላህ ተርፈሃል» ይለዋል። መልካም ንግግር ነው። ነገር ግን ብረት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አይሰበርም። ብየዳው አጠገብ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይጀምርና በየጉድጓዱ ጥቂት በጥቂት ይሰፋል። አሮጌውን ብስክሌት የሸጠው ሰው ስንጥቁን አይቶ ቀለም ቀብቶበት ከሆነስ? እርሱም «ቀደር ነው» ብሎ ያመልጣልን?

አያመልጥም። ኢማም ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ተናገረ። ዝናቡ ከአላህ መሆኑ አላከራከረም፤ ሰውየው የተጠየቀው እርጡን ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገ ነው። የሚያታልልም ከርሳቸው ወገን አለመሆኑን ነገሩት። በሸሪዓም ጉድለቱ የተደበቀበት ገዢ ዕቃውን የመመለስ መብት አለው።

እንግዲህ በቀደር ማመን ለወደቀው መጽናኛ ነው እንጂ ለደበቀው መሸሸጊያ አይደለም። ስንጥቁን ተናግሮ የሸጠ ጥቂት ብር ይቀርበታል፤ ሪዝቁ ግን ሐላል ነው። ብስክሌት የምትሸጡና የምትበይዱ ወንድሞች ሆይ! ቀለሙን ከመቀባታችሁ በፊት ስንጥቁን ለገዢው አሳዩት።